ከቁስሉ አጠገብ ወይስ ከቤቱ ደጃፍ? ነርስነትና ሶሻል ወርክ እንዴት ሁለት ሙያ ሆኑ

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንድ ወንድማችን ሰው እስኪወጣ ጠብቆ አጠገቤ ተቀመጠ። ዕድሜው 39 ነው። ልብስ ሰፊ ነው፤ ከ15 ዓመት በላይ ከስፌት መኪናው አልተነሳም። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነው። ባለፈው ዓመት እናቱን ወደ አኺራ ሸኝቷል። ሰባት ወር ሲታመሙ ከአጠገባቸው ያልተለየው እሱ ነበር።

«ኡስታዝ» አለኝ፣ «የማታ ትምህርት ልጀምር አስቤያለሁ። ያጠራቀምኩት ለአንድ ትምህርት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ከተሳሳትኩ የምመለስበት የለኝም። ነርስ ልሁን ወይስ ሶሻል ወርከር? እናቴ ሌሊት ስታቃስት እንዴት ላገላብጣት እንደሚገባ አላውቅም ነበር፤ ያ ያንገበግበኛል። ሆስፒታል ስንሄድ ደግሞ መርፌ የሚወጋት አላጣንም፤ መድኃኒቱን በምን ገዛችሁት፣ ቤት ውስጥ ማን አለ ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም። እሱም ያንገበግበኛል።»

እኔም ቸኩዬ «ነርስነት ይሻልሃል፣ ሥራ አይጠፋም» አልኩት። አመስግኖኝ ሄደ። ቤቴ ስገባ ግን መልሴ እንቅልፍ ነሳኝ። ሰው የዓመታት ቁጠባውንና የልጆቹን ጉሮሮ ይዞ ሲመጣ በአንድ ዓረፍተ ነገር አይሸኝም። ስለዚህ የሁለቱን ሙያዎች ታሪክ አገላብጬ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለእሱም፣ እንደ እሱ መንታ መንገድ ላይ ለቆማችሁም ላካፍል።

አንዲት ድንኳን

ታሪኩን የምጀምረው ከምናውቀው ቦታ ነው። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በኸንደቅ ዘመቻ፣ ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ክንዱ ላይ ባለው ደም ስር በቀስት ተመታ። የአላህ መልእክተኛ (ሶለላሁ ዐለይሂ ወሰለም) በቅርብ እንዲጠይቁት መስጂዳቸው ውስጥ በተተከለ ድንኳን እንዲያርፍ አደረጉ። ኢብኑ ኢስሓቅ እንደዘገበው ድንኳኗ ሩፈይዳ የምትባል የአስለም ጎሳ ሴት ነበረች።

ስለ ሩፈይዳ ዛሬ በየገጹ ብዙ ይጻፋል፤ ትምህርት ቤት ከፍታለች፣ ሆስፒታል አቋቁማለች ይባላል። በቀደምት የሲራ መጻሕፍት ያለው ግን አጭር ነው። አጭር ይሁን እንጂ ለጥያቄያችን ትልቅ ነገር ይዟል። ዘገባው ስለ እሷ ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ቁስለኞችን ታክም እንደነበር ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ደይዓ» የደረሰበትን ሙስሊም ለማገልገል ምንዳውን ከአላህ አስባ ራሷን እንደሰጠች ነው። «ደይዓ» ማለት መጥፋት፣ ጠባቂና ተንከባካቢ ማጣት ነው። የቆሰለውን ሰው ብቻ ሳይሆን ማንም የሌለውንም ሰው ማለት ነው።

ልብ በሉ! የመጀመሪያው ዛሬ ነርስነት የምንለው ነው። ሁለተኛው ሶሻል ወርክ የምንለው ነው። በአንዲት ድንኳን፣ በአንዲት ሴት እጅ፣ ሁለቱ አንድ ሥራ ነበሩ።

ከዘመናት በኋላም ይህ አንድነት አልጠፋም። ሱልጣን ቀላውን ገና አሚር ሳለ ደማስቆ ውስጥ ታሞ፣ ኑረዲን ካሠራው ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት ይድናል። ከነገሠ እንዲህ ያለ ቤት ሊሠራ ተሳለ። እ.ኤ.አ በ1284 ካይሮ ውስጥ የመንሱሪ ሆስፒታል ተሠራ። በወቅፍ የሚተዳደር ስለነበር ሀብታምም ድሃም፣ ወንድም ሴትም በነፃ ይታከሙበት ነበር። ወንዶቹን የሚያስታምሙ ወንዶች፣ ሴቶቹን የሚያስታምሙ ሴቶች ነበሩ። «ማስታመም የሴት ሥራ ነው» ለሚሉ ወንድሞቻችን ይህች ብቻ ትበቃለች። የድህነት ችግርና የበሽታ ችግር አንድ በር ላይ፣ በአንድ ወቅፍ ገንዘብ ይስተናገዱ ነበር።

ታዲያ መቼ ተለያዩ?

ነርስነት ሙያ ሲሆን

መለያየቱ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ በ1854 የክሪሚያ ጦርነት ሲጧጧፍ ፍሎረንስ ናይቲንጌል 38 ሴቶችን ይዛ ኢስታንቡል ገባች። የሠሩት ኡስኩዳር በሚገኘው የኦቶማን ጦር ሰፈር ውስጥ ሲሆን፣ እንግሊዞች ሆስፒታል አድርገውት ነበር። ወታደሩን ከጥይት ይልቅ ተቅማጥና ታይፈስን የመሰሉ በሽታዎች ይጨርሱት ነበር። ናይቲንጌልም በኋላ የሟቾችን ቁጥር በሥዕል አስደግፋ ለመንግሥት አሳየች።

እ.ኤ.አ በ1860 ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በስሟ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ነርስነት ሥልጠና፣ ሥነ ሥርዓትና ደረጃ ያለው ሙያ ሆነ። ትልቅ በረከት ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር አብሮ መጣ፤ ነርሷ ሆስፒታል ውስጥ ገባች፣ በሩም ተዘጋ። በሽተኛው ከዚያ በር ሲወጣ ወዴት ይሄዳል? ምን ይበላል?

ይህን ጥያቄ የጠየቀው ሐኪም አልነበረም፤ እንደ ወንድማችን በቤቱ ሐዘን የገባበት ነጋዴ ነበር። የሊቨርፑሉ ዊልያም ራትቦን ሚስቱ በሞት አፋፍ ላይ ሳለች ሜሪ ሮቢንሰን የምትባል ነርስ ቀጥሮ ቤት ውስጥ አስታመመቻት። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ራትቦን አሰበ፤ ገንዘብ ያለኝ እኔ ነርስ ቤቴ መጥታልኝ ሐዘኑ እንዲህ ከከበደኝ፣ ምንም የሌለው ሰው እንዴት ይችለዋል? እ.ኤ.አ በ1859 ያችኑ ነርስ ለሦስት ወር ሙከራ ቀጥሮ የከተማዋን ድሆች በየቤታቸው እንድታስታምም ላካት።

ወር ሳይዘልቅ ሮቢንሰን እያለቀሰች ተመለሰች። የምታየውን ሰቆቃ መሸከም አልቻለችም፤ ልቀቀኝ አለች። ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ሕመም አይታለች። የከበዳት ሕመሙ አልነበረም፤ በሕመሙ ዙሪያ ያለው ኑሮ ነበር። ራትቦን ቀሪውን ጊዜ እንድትጨርስ ለመናት፣ እሷም ቀጠለች። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ግን ወደ ቀድሞ ሥራዋ መመለስ አልፈለገችም፤ በዚሁ መቆየትን መረጠች። በእንግሊዝ ቤት ለቤት የሚዞሩ ነርሶች ሥርዓት የተጀመረው ከዚህ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ወደ አዲስ ሙያ የሚገባ ሰው የመጀመሪያው ወር እንባ ሊሆን ይችላል። እንባው «ይህ ሥራ ያንተ አይደለም» የሚል ማስረጃ አይደለም። የሦስተኛው ወር መልስ ከመጀመሪያው ወር መልስ ሊለይ ይችላል።

ከበር ጠባቂነት የተነሳው ሙያ

የሶሻል ወርክ አጀማመር ደግሞ ያን ያህል የሚያምር አይደለም፤ እውነቱን መናገር ይሻላል። እ.ኤ.አ በ1869 ለንደን ውስጥ ምጽዋትን ሥርዓት ለማስያዝ አንድ ማኅበር ተቋቋመ። ዓላማው «እውነተኛ ችግረኛ»ን «ከማይገባው» መለየት ነበር። እ.ኤ.አ በ1895 ከዚሁ ማኅበር የመጣች ሜሪ ስቱዋርት የምትባል ሴት በለንደኑ ሮያል ፍሪ ሆስፒታል ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጠረች። የሥራዋ መጠሪያ «አልሞነር» ነበር። መክፈል የሚችል ሰው በነፃ እንዳይታከም ማጣራት አንዱ ተግባሯ ነበር። በሌላ አነጋገር በር ጠባቂ ነበረች።

ነገር ግን ድሃን ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ የጠያቂውን ልብም ይለውጣል። አልሞነሮቹ ከጊዜ ጋር የሚያጣሩትን ሰዎች የሚረዱ፣ ወደሚመለከተው ቦታ የሚልኩ፣ ስለ በሽተኛው ኑሮ ለሐኪሙ የሚነግሩ ሆኑ። እስካሁንም ግን በዚህ ሙያ ውስጥ ሁለቱም ፊቶች አሉ። ፎርም ይዞ ሰውን የሚያጣራ አለ፤ ፎርሙን ለሰውየው መጠቀሚያ የሚያደርግም አለ። የዘካ ኮሚቴ ውስጥ የሠራችሁ የምለው ይገባችኋል።

አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ነገሩ በሌላ በኩል መጣ። ዶክተር ሪቻርድ ካቦት የሚባል ሐኪም ማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ በየቀኑ ለድሆች መድኃኒት ያዝ ነበር። ከጊዜ በኋላ አንድ ነገር ገባው። «እረፍት አድርግ፣ ጥሩ ምግብ ብላ፣ ሥራህን ቀይር» ሲላቸው የማይችሉትን ነገር እያዘዘ ነበር። ምርመራው ትክክል፣ ሕክምናው ግን ባዶ ወረቀት ሆነ። እ.ኤ.አ በ1905 ይህን ክፍተት እንድትሞላ አንዲት ሠራተኛ ቀጠረ። ማንን ቢሆን ጥሩ ነው? ጋርኔት ፔልተን የምትባል ነርስ!

ፔልተን ብዙም ሳትቆይ በጤና ምክንያት ሥራውን ስትለቅ የተተካችውም ነርስ ነበረች፤ አይዳ ካነን። አይዳ የታመሙ ድሆችን በየቤታቸው ስትጎበኝ ቆይታ፣ ነርስነቷ ብቻውን እንደማይበቃ ስላየች ሶሻል ወርክ ለመማር ቦስተን የገባች ሴት ናት። በዚያ ሆስፒታል እስከ 1945 ሠርታ የሆስፒታል ሶሻል ወርክን ራሱን የቻለ ሙያ ካደረጉት ሰዎች አንዷ ሆነች። በኒውዮርክም ሊሊያን ዋልድ የምትባል ነርስ እ.ኤ.አ በ1893 አንዲት ትንሽ ልጅ እናቷ ታማ ጠርታት ወደ ድሆች ሰፈር ስትገባ ባየችው ደነገጠች። ከዚያ በኋላ መኖሪያዋን እዚያው ሰፈር አደረገች። ነርሶችን ሰበሰበች፣ ለልጆች መጫወቻ ቦታ ታገለች፣ ትምህርት ቤቶች ነርስ እንዲኖራቸው አደረገች። ነርስ ናት ወይስ ሶሻል ወርከር? ሁለቱም ሙያዎች የእኛ ናት ይላሉ።

እንግዲህ ታሪኩ የሚነግረን ይህን ነው። ሶሻል ወርክ በሆስፒታል ውስጥ የተወለደው ነርሶች የሥራቸው ወሰን የት ላይ እንደሚያልቅ ባዩበት ቦታ ነው። ሁለቱ ሙያዎች ባላንጣ አይደሉም፤ የአንድ ሥራ ሁለት ግማሾች ናቸው።

ሁለቱንም የኖረች ሴት

የወንድማችንን ጥያቄ ቃል በቃል የኖረ ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ስፈልግ ሲስሊ ሳውንደርስን አገኘሁ። እንግሊዛዊት ናት፤ እ.ኤ.አ በ1918 ተወለደች። ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሳ። ትምህርቱን አቋርጣ በ1940 በዚያው በሴንት ቶማስ የናይቲንጌል ትምህርት ቤት ነርስነት ጀመረች። ሥራውን ወደደችው። ጀርባዋ ግን አልቻለም። በሽተኛ ማንሳትና ማገላበጥ የወገብ ሕመሟን አባባሰው፤ እንደተመረቀች ነርስነቱን ለመተው ተገደደች።

ወደ ኦክስፎርድ ተመልሳ ትምህርቷን ጨረሰች፤ ቀጥላም አልሞነር ማለትም የሆስፒታል ሶሻል ወርከር ሆነች። እ.ኤ.አ በ1947 ዴቪድ ታስማ የሚባል በካንሰር የሚሞት ሰው ገጠማት። ከፖላንድ የተሰደደ አይሁዳዊ ነበር፤ አስተናጋጅ ሆኖ የሚኖር፣ ለንደን ውስጥ ዘመድ የሌለው፣ የ40 ዓመት ሰው። የሩፈይዳን «ደይዓ» አስታወሳችሁ? ሳውንደርስ አልጋው አጠገብ እየተቀመጠች ታወራው ነበር። በመድኃኒት እጥረት ብቻ ሳይሆን «ሕይወቴ ምንም ሳላደርግበት አለቀ» በሚል ሐዘንም ይሰቃይ እንደነበር ተረዳች። እንዲህ ያሉ ሰዎች በክብር የሚሞቱበት ቤት ስለመሥራት አብረው አሰቡ። ሲሞት 500 ፓውንድ ተወላት፤ በምትሠሪው ቤት ውስጥ መስኮት ልሁን ብሎ።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በበጎ ፈቃድ ወደ ነርስነት ተመልሳ የሚሞቱ ሰዎችን ታስታምም ነበር። አንድ ቀዶ ሐኪም ግን ለሞት የተቃረቡትን ትተው የሚሄዱት ሐኪሞች ስለሆኑ ሕክምና አጥኚ ብሎ መከራት። በ33 ዓመቷ የሕክምና ትምህርት ቤት ገባች። በ1957 ሐኪም ስትሆን 38 ዓመቷ ነበር። ወንድማችን ከቀረበለት ጥያቄ ጋር ተፋጦ ካለበት ዕድሜ ጋር አንድ ነው ማለት ይቻላል።

እ.ኤ.አ በ1967 ለንደን ውስጥ ሴንት ክሪስቶፈር ሆስፒስን ከፈተች። የታስማ መስኮትም እዚያ አለ። በዓለም ዙሪያ ላለው የሆስፒስ እንክብካቤ መነሻ ከሆኑት ቤቶች ዋነኛው ነው። በትምህርቷ ውስጥ ትልቁ ሐሳብ፣ የአንድ ሰው ሕመም የአካል፣ የስሜት፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስ ሕመም በአንድ ላይ ነው የሚለው ነበር። ይህን ማየት የቻለችው ሦስቱንም ወንበሮች ስለተቀመጠችባቸው ነው። ነርስ ሆና ሰውነቱን አየች። ሶሻል ወርከር ሆና ብቸኝነቱን አየች። ሐኪም ሆና የሕመም ማስታገሻው እንዴት መሰጠት እንዳለበት አጠናች። እ.ኤ.አ በ2005 እሷም ራሷ በዚያው ቤት ውስጥ ሞተች።

የሚባክን ዓመት አልነበራትም። «የተሳሳተ ምርጫ» የሚመስለው ነርስነቷ ለቀጣዩ መሠረት ሆነ።

በእኛ አገር

ኢትዮጵያ ውስጥም ሁለቱ በተለያየ በር ገቡ። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን ውስጥ በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ነበር፤ አገሯ ተመልሳ እ.ኤ.አ በ1942 ገና ወጣት ሳለች ሞተች። ሶሻል ወርክ ደግሞ እ.ኤ.አ በ1959 አዲስ አበባ ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ተከፈተለት። በደርግ ዘመን ተዘግቶ ቆይቶ እ.ኤ.አ በ2004 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ጀመረ። ነርስነት ሲቀጥል ሶሻል ወርክ ብዙ ዓመት ተቋርጧል። «ሶሻል ወርከር ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ዛሬም የሚበዛው ለዚህም ጭምር ነው።

ሆኖም ሕይወት ራሷ ሁለቱን መልሳ ታገናኛቸዋለች። እ.ኤ.አ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ በየቀበሌው ቤት ለቤት አዘዋወረ። በከተሞች ሲጀመር ደግሞ ለሥራው የተመደቡት ነርሶች ነበሩ። በራችሁን አንኳኩታ ስለ ክትባትና ስለ መጸዳጃ ቤት የምትጠይቃችሁ እህት የሜሪ ሮቢንሰንን መንገድ እየሄደች ነው።

ታዲያ እንዴት ይመረጥ?

«የትኛው ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ከታሪኩ አንፃር መልስ የለውም። ግማሽ ከግማሽ አይበልጥም። የሚሻለው ጥያቄ «እኔ የትኛውን ግማሽ መሸከም እችላለሁ?» የሚለው ነው። ከታሪኩ ሦስት መመዘኛ አወጣሁ።

አንደኛ፣ ሰውነትህ። ነርስነት ቆሞ መዋልና ማደር፣ ማንሳት፣ ማገላበጥ ነው። የሌሊት ተረኛ የሆነ አባት ልጆቹን መቼ እንደሚያገኝ ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይማከር። ሳውንደርስን ያስቆማት የፍላጎት ማጣት ሳይሆን ወገቧ ነው።

ሁለተኛ፣ ትዕግሥትህ የቱ ዓይነት ነው? ነርስ የሥራዋን ውጤት ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ታያለች፤ ትኩሳቱ ወርዷል፣ ቁስሉ ጸድቷል። ሶሻል ወርከር አንድ የቲም ትምህርት ቤት እስኪመለስ ወራት ቢሮ ለቢሮ ሊመላለስ ይችላል፤ ሳይሳካም ይቀራል። ስህተቱም ይለያል። የነርስ ስህተት በደቂቃ ነፍስ ያጠፋል፤ የሶሻል ወርከር ስህተት አንድ ቤተሰብን በዝግታ ያፈርሳል።

ሦስተኛ፣ ይዘኸው የምትሄደው ነገር። በ39 ዓመቱ ሙያ የሚቀይር ሰው ባዶ እጁን አይደለም። ልብስ ሰፊ ሰውን ለክቶ ያውቃል፣ የእጅ ጥንቃቄ አለው። ዕዳ ያለበትን ደንበኛ ሳያዋርድ መጠየቅንም ተምሯል። ያ ሁሉ አብሮት ይሄዳል።

ከመክፈልህ በፊት ደግሞ ሁለቱንም ቅመሳቸው። ነርስም ሶሻል ወርከርም ፈልገህ የሥራ ቀናቸው እንዴት እንደሚውል ጠይቅ፤ በሚፈቀድበት ቦታ በበጎ ፈቃድ ጥቂት ቀን አብረህ ዋል። የኮሌጁን ዕውቅና አጣራ። ሹራ አድርግ፣ ኢስቲኻራ ስገድ።

ይህን ሁሉ ይዤ ባለፈው ሳምንት ወደ ሱቁ ሄድኩ። እየሰፋ ይሰማኝ ነበር። የሳውንደርስ ወገብ ላይ ስደርስ እግሩን ከፔዳሉ አነሳ። «ኡስታዝ፣ የእኔንም ወገብ ይህ መኪና በልቶታል እኮ» አለ። ሳቅን። ከዚያ ዝም አለ።

ትናንት ከዒሻ በኋላ መልሱን ነገረኝ። ሶሻል ወርክ ሊመዘገብ ነው። መጀመሪያ ከመከርኩት ተቃራኒ ነው፤ አልሐምዱሊላህ፣ አልሰማኝም። ሊሄድ ሲነሳ ግን አንድ ነገር ጨመረ።

«ማገላበጡን ደግሞ ጎረቤቴ ነርስ ናት፣ እሷ ታሳየኛለች። እሱን ሳላውቅ አልቀርም።»

አላህ ለእናቱ ጀነተል ፊርደውስን ይወፍቃቸው። መንታ መንገድ ላይ የቆማችሁትንም መልካሙን ያግራላችሁ። ወላሁ አዕለም።